በማርያም ቀን የተከራየሁት ጸጥ ያለ ቤት

"ምነው ልጄ፣ ምን አስደነገጠሽ? ወፍጮ እኮ ነው።"

ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ከነግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ብድግ ብዬ ስወጣ አከራዬ እንዲህ አሉኝ።

ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ለትምህርት የመጣሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ጆሮ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንዷ ዘፈን፣ አንዷ መዝሙር በስፒከር እየከፈቱ አላስጠና ሲሉኝ አልጋዬን ለሌላ ልጅ ለቅቄ ወጣሁ።

ትናንት ደላላው ይህን ክፍል ሲያሳየኝ ሰፈሩ ጭጭ ብሎ ነበር። "እህቴ፣ እዚህ ዝንብ እንኳ ድምፅ አታሰማም" አለኝ። ማርያም ስለነበረች ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት መዘጋቱን ግን ትንፍሽ አላለም።

ስደውልለት "በዓይንሽ አይተሽ አይደል የገባሽው?" ብሎ ዘጋብኝ።

አከራዬ ደግሞ "ከአንቺ በፊት የነበረችውን ልጅም በሚካኤል ቀን ነው ያመጣት" አሉ። እንዲህ ታቦት አክባሪ ደላላ አይቼ አላውቅም።

"አይዞሽ፣ መብራት ሲጠፋ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ታጠኛለሽ" ብለውም አጽናኑኝ።

ፈተና ደርሷል። ሰቆጣ ውስጥ መብራት ይጥፋ ብላ የምትጸልይ ተማሪ ካያችሁ እኔ ነኝ።

እናንተንስ ደላላችሁ በየትኛው ታቦት ቀን ነው ቤት ያሳያችሁ?