እኔና ፈቂው ሜዳ ስንካፈል

ከልጅነቴ ጀምሮ ጨዋታ የምወድ ሰው አልነበርኩም። ያስተማሩኝ መምህራን ሩጫና ልፊያ ትምህርት ያስረሳል ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ከነአለንጋው አስተላልፌአለሁ። የሜዳ ጠበቃ ያደረገኝ አንድ የእንጨት እሩር ነው። ልጆቹ ከደጄ ላይ የገና ጨዋታ ሲለማመዱ በቆልማማ ዱላ የመቱት እሩር በጎጆዬ በር ገብቶ የቀለም ቀንዴን ገለበጠውና፣ ክረምቱን ሙሉ ስጽፈው የከረምኩትን ዳዊት ጥቁር አለበሰው። ያን ዕለት ማንንም አልገረፍኩም። አለንጋውን ትቼ ቀለሙን ከብራናው ላይ ስጠርግ ዋልኩ።

ያኔ አሶሳ ከተማ ለመባል ብዙ ይቀራት ነበር። እዚህም እዚያም የተበተኑ ጎጆዎች፣ በየጉብታው ቀርከሃ፣ ከኩርሙክ ጨው ጭነው የሚመጡ አህዮች፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ቀረጥ የሚቀበል ኬላ ነበር። እኔን ያመጣኝ የኬላው ሹም ነው፤ ለወታደሮቹ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ፈልጎ። አንድ ዋርካ ሥር አስተምር ነበር። ከዋርካው ጥቂት አለፍ ብሎ የአገሬው ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ኸልዋ አለ። መምህሩን ሰው ሁሉ ፈቂ ይለዋል፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ረጋ በማለቱም የሚያናድድ ሰው ነበር።

በሁለታችን ትምህርት ቤቶች መካከል ድንጋይም ጉቶም የሌለበት ደልዳላ መሬት ተኝቷል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ዳገትና ቀርከሃ ስለሆነ ያልመጣበት አልነበረም። የእኔ ልጆች ገና ይጫወቱበታል፣ የፈቂው ልጆች ይሮጡበታል፣ ይታገሉበታል፣ ነጋዴው አህዮቹን ያራግፍበታል። የመሬቱ ባለቤት ግን የአገሬው የበርታ ጎሣ የሆኑ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ማሽላ መዝራቱን ትተው ለፍየላቸው አቆይተውታል እንጂ ለማንም አልሰጡትም፤ ማንም መጥቶም አልጠየቃቸውም።

እሩሩ ጎጆዬን ከጎበኘ ወዲህ ልጆቹን ወደዚያ ሜዳ የምነዳው እኔው ራሴ ሆንኩ። ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩል ደረሱ። ሜዳው የኛ ነው፣ የለም የኛ ነው ተባባሉ፤ ከመባባልም አለፉ። በግርግሩ መካከል እሩሩ ሄዶ ፍየሏን ጎኗ ላይ አገኛት። ባልቴቷ በአንድ እጃቸው ፍየሏን፣ በሌላው እጃቸው ፈቂውን በኩታው እየጎተቱ ወደ ዋርካዬ መጡ። ከልጆቹ ሰምተው የኔታ ይሉኛል፤ ቢሆንም ለኬላው ሹም ሳይቀር “አንተ” ከማለት ሌላ አያውቁም።

“አንተ የኔታ፣ አንተ ፈቂ፣ ስማ” አሉን። “ፍየል ተመታ፣ ወተት ጠፋ። ሌላ ቀን ጠብ ካለ አጥር አጥራለሁ። ቀርከሃ ብዙ ነው።”

ለማስፈራራት ያህል ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን የልጅ ልጆቻቸው ቀርከሃ እየቆረጡ ሜዳው ዳር ይከምሩ ጀመር። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። ሜዳው ከታጠረ እሩሩ ወዴት እንደሚመለስ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዳዊቱን ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ።

ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ከፈቂው ጋር ለመነጋገር ተቀመጥኩ። በሕይወታችን እሩር መትተን፣ ሰው ጥለን የማናውቅ ሁለት ሰዎች ስለ ጨዋታ ሜዳ እንደ ድንበር ዳኛ ተከራከርን። እኔ መሬቱን በገመድ ለሁለት እንክፈለው አልኩ። እሱ፣ ሯጭ ልጅ ገመድ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩ እውነት ስለነበር ገመዱን ተውኩት፤ የተውኩት ግን ሳስብበት ቆይቼ እንዲመስል አድርጌ ነው። በመጨረሻ ቀን ተካፈልን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላና ዓርብ ኸልዋው ስለሚዘጋ የእሱ ሆነ። ቅዳሜና እሑድ የእኔ፣ የገበያው ቀን የአህዮቹ፣ የተረፈው የፍየሏ። ውለን አድረን ስናስበው ብዙውን ቀን የወሰደችው ፍየሏ ናት። በዓል ሲሆንስ ተባለ። የክርስቲያን በዓል የእኔ፣ የእስላም በዓል የእሱ ብለን ተጨባብጠን ተነሣን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ጠይቁኝ፣ ሳልጽፍ እነግራችኋለሁ። ፈቂው ደግሞ ጨረቃ ስትወለድ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያይ፣ አገሩ ሁሉ በእሱ አፍ የሚጾም የሚያፈጥር ሰው ነው። በዚያ አገር ዘመን የሚቆጥር ሰው ቢፈለግ ከሁለታችን ሌላ አልነበረም። የእሱ በዓል በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እንደሚመጣ፣ የእኔ ገና ደግሞ ካለበት እንደማይነቃነቅ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን እንደሚጋጩ ግን ለአንዳችንም ብልጭ አላለልንም።

ባልቴቷ ክፍፍላችንን ሲሰሙ አጥሩን አቆዩት፣ የቀርከሃውን ክምር ግን አላነሡትም። ዓመት ያህል በሰላም ኖርን። በገና ዋዜማ ፈቂው በደጄ ሲያልፍ ቆም አለና፣ ነገ ልጆቹ ድቤ ይዘው ሜዳው ላይ እንደሚወጡ ነገረኝ። ለምን ስለው፣ መውሊድ ነው አለኝ። ነገማ ገና ነው አልኩት። ሁለታችንም ዞር ብለን የቀርከሃውን ክምር አየን። ከዚያም ወደየቤታችን ገባን።

ሌሊቱን ሳሰላስል መላ አገኘሁ፤ ሜዳውን ለእሱ እለቃለሁ፣ ጠብም አይኖርም። ፈቂውም በበኩሉ ለእኔ ሊለቅ ወስኖ አድሮ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ የእኔዎቹ ዱላቸውን፣ የእሱዎቹ ድቤያቸውን ይዘው ከወዲህና ከወዲያ ቆሙ። ባልቴቷ ክምሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ወደ ፈቂው ሄጄ፣ ዛሬ የእናንተ ይሁን አልኩት። “ወላሂ አይሆንም” አለ። “አንተ እንግዳ ነህ፣ ያንተ ይቅደም።” እንግዳ ማለቱ ከነከነኝ። እዚያ አገር ስንት ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ታግሼ፣ የእኔ በዓል የትም አይሄድም፣ ያንተ ግን መንገደኛ ነው፣ መንገደኛ ይቅደም ብዬ መለስኩለት። ይህን ስናገር ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጨረቃ ሥርዓቷን ስታ እንደማታውቅ፣ ሊደርስባት ያልቻለው የእኔ መጽሐፍ እንደሆነ ነገረኝ። መጽሐፌን ሲነካብኝ ድምፄ ከፍ አለ። የእሱም ከፍ አለ። ውሰደው እላለሁ፣ አልወስድም ይላል፤ አንተ ውሰድ ይላል፣ አልነካም እላለሁ። ረጋ ያለው ፈቂ ኩታው ከትከሻው ሲወድቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሜዳ ልስጥህ ተባብሎ የተጣላ ሰው ከእኛ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዘወር ስንል ባልቴቷ ተነሥተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል። እየሮጥን ሄደን፣ እየተጣላን ሳይሆን እየተከባበርን ነው ብለን ለማስረዳት ሞከርን። እሳቸው ወደ ሜዳው ጠቆሙን። ልጆቹ እኛን መጠበቅ ሰልችቷቸው ገብተዋል። የፈቂው ልጆች ቆልማማ ዱላ ይዘው ከእኔዎቹ ጋር እሩር ያባርራሉ፤ ከእኔዎቹ አንዱ ድቤ ይመታል፤ ሌላው በትግል ተጥሎ አቧራውን እያራገፈ ይስቃል።

“ልጅ አልተጣላም” አሉ ባልቴቷ። “አንተ ተጣላህ፣ እሱ ተጣላ። ልጅ ይገባል። አስተማሪ አይገባም።”

እንደተናገሩትም አደረጉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሜዳው ዙሪያውን በቀርከሃ ታጠረ። ለልጆቹ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ቀዳዳ ተተወች፤ ባልቴቷም ፍየላቸውን ይዘው አጠገቧ ይቀመጡ ጀመር። የቀን ክፍፍላችንን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ዓርብ የእኔዎቹ ይገባሉ፣ እሑድ የፈቂው ይገባሉ፣ ፍየሏ ሁልጊዜ ትገባለች። አንድ ቀን ልጆቹን ለመቆጣጠር ነው ብዬ ልገባ ብሞክር ባልቴቷ እግራቸውን ቀዳዳዋ ላይ ዘረጉ።

ፈቂው ከአጥሩ ውጭ፣ በቀርከሃው መካከል እያጮለቀ ሲያይ አገኘሁት። እኔም አጠገቡ ሌላ ክፍተት ፈልጌ ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ እንደተኮራረፍን ነበርን። ከዚያ የእኔው ልጅ የእሱን ልጅ ሊጥል ሲል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጮኽን፣ ባልቴቷም በአንድ ጊዜ ዝም አሰኙን። ከዚያን ዕለት ወዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ጠብ ተነሥቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።