በውሃ ሰልፍ ላይ ያወራነው ግድያ

ባዶ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀው የለ? መጀመሪያ ዱም ዱም ይላል፤ እየሞላ ሲሄድ ይቀጥናል። ዛሬም ያንን ስሰማ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ እቆማለሁ። ልጆቼ ምን ሆንሽ ይሉኛል፤ ነግሬያቸው አላውቅም። ላንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከሚሴ ገና ባጃጅ አልገባባትም፤ ሰፈራችን በሙሉ ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጀሪካኖቻችንን ሰልፍ አስይዘን ከጓደኛዬ ጋር በቦኖው ግንብ ጥላ ሥር እንቀመጥ ነበር። እኔ በሥራ ተቀይሮ መጥቶ እዚያው የቀረ የአንድ ክርስቲያን የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እሷ አባቷም አያቷም የጨፋ ገበሬዎች ናቸው፤ ወሬ ሲሞቃት ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛው መቼ እንደተሻገረች ራሷም አታውቀውም።

በዚያ ሰሞን ወንድሟ ከደሴ ሽፋኑ የተገነጠለ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አምጥቶላት፣ እየተቀባበልን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብበነው ነበር። አንድ ሀብታም የወፍጮ ቤት ጌታ ወተት ጠጥቶ ይተኛል፤ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። መርማሪው ብዙ ከወጣ ከወረደ በኋላ ገዳይዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት ብሎ ይጨርሰዋል። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ሠራተኛዋ በዚያ ቀን ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ተብሎ እዚያው መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ታዲያ መርዙን መቼ ጨመረችው? ወተቱን በእጇ የሰጠችው ሚስትየውስ እንዴት አንድም ጥያቄ ሳትጠየቅ ትቀራለች?

«ደራሲው ረስቶት ነው» አልኩ እኔ።

«ወላሂ አልረሳም! ኒቲ ኢሳቲ!» ብላ ጮኸች ጓደኛዬ። ሚስቱ ናት ማለቷ ነው። «ሠራተኛዋን ሆን ብላ ሸኘቻት። ወተቱን ራሷ አፍልታ ራሷ ሰጠችው። ሁሉም ያውቃል፤ ዝም ያለው ፈርቶ ነው።»

ከፊታችን ጀሪካኗ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤት ዞር ብላ አየችን። ፈገግ አልኩላት። እሷ ፈገግ አላለችም።

ሰፈራችን ውስጥ ወተት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወር አልሞላውም። ምንም ያልነበረው ሰው፣ አመሻሽ ላይ ደረቴን ብሎ ተኛ፣ ጎህ ሳይቀድ አረፈ። የእነሱም የቤት ሠራተኛ በዚያው ሳምንት አገሯ ሄዳ ነበር። እኛ ስናወራ ይህ ነገር ጭራሽ ትዝ አላለንም። ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታናግረኝ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ቤት ወተት እንዳታመጪ።»

«ለምን?»

«ባሏን በወተት ነው የገደለችው አሉ፤ ሠራተኛዋን ሆን ብላ ሸኝታ። ሁሉም ያውቃል፤ ዝም ያለው ፈርቶ ነው።»

ቃሉ የጓደኛዬ ነበር፤ አንድም አልጎደለም።

ሮጬ ሄጄ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ለማንም ላንተነፍስ ተማማልን። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ባለወተቷ ደጃፍ ያለው ቦይ ነጭ ሆኖ አያለሁ፤ የሚገዛት ጠፍቶ የደፋችው ወተት ነው። ዝንቡ ይጮሃል፤ ሽታው እስከ መንገዱ ይደርሳል። ራሴን አቀርቅሬ እሮጣለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ሳስበው ሳስበው እኔ ራሴ ማመን ጀመርኩ። እውነት ሠራተኛዋ ለምን በዚያው ሳምንት ሄደች? እል ነበር።

ወሬው ጨፋ ሮቢት ደረሰና የሟቹ ወንድሞች ሦስት ሆነው ዱላቸውን ይዘው መጡ። መቃብሩ ይከፈት፣ ልጆቹንም ከገዳይ ጋር አንተዋቸውም አሉ። ጁምዓ ከስግደት በኋላ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው ተባለ።

በዚያ ቀን ጓደኛዬ ቤታችን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «መጽሐፉን ያዢና ተነሺ።»

«አባቴ ይገድለኛል።»

«እኔንስ? ልጆቿን ሊወስዱባት ነው እኮ!»

ሄድን። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ባለወተቷ ትንሹን ልጅ አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ጓደኛዬ ፊት ቀድማ በኦሮምኛ ጀመረች፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ሳትጨርስ የሟቹ ታላቅ ወንድም ብድግ አለ።

«እሷ ናት የላከቻችሁ!» ብሎ ዱላውን መሬት ላይ መታው።

«ተው፣ ልጄ፣ ይናገሩ» አሉት በዕድሜ የገፉት ሸህ። ወደ እኔ ዞሩ። «መጽሐፉን አንብቢው እስቲ።»

ፊደሉ ዓይኔ ላይ እየተርመሰመሰ ስለ ወተቱም፣ ዘመድ ጥየቃ ስለሄደችው ሠራተኛም አነበብኩ።

«ገዳይዋ ማን ሆነች ታዲያ?» አሉኝ ሸሁ።

«መጽሐፉ ሠራተኛዋ ናት ይላል።»

«እናንተስ?»

«እኛ... ሚስቱ ናት አልን።»

«ይህችን ሴት ነው ያላችሁት?»

«አይደለም! ወላሂ አይደለም!» አልኩ፤ ክርስቲያን መሆኔንም ረስቼው።

ከሰልፉ ላይ የሰማችን ሴት ተጠራች። የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፣ አልጨመርኩበትም አለች፤ እውነቷን ነበር። የሟቹ ታላቅ ወንድም ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ። መቃብሩ አልተከፈተም። ልጆቹም ከእናታቸው ጋር ቀሩ።

አባቴ አልመታኝም፤ ግን ለሳምንታት አላናገረኝም። ይህን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ነገሩ ልብ ወለድ መሆኑን ከተማው ሁሉ ሰማ፤ ወተቷን የሚገዛ ግን አልተመለሰም። እናቴ እንኳ «ውሸት መሆኑንስ አውቃለሁ» እያለች ከሌላ ቤት ታስመጣ ነበር።

ማሽላ ሲታጨድ ባለወተቷ ላሞቿን ነድታ ወደ አባቷ አገር ልትመለስ ነው ሲባል ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ዕቃው ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ማልቀስ ስጀምር ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። ግቢ፤ ባዶ አፍሽን አትሄጂም።»

በኩባያ ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ወደ አፌ ላስጠጋው ስል እጄ ቆመ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ። እሷ ግን አየችኝ።

ኩባያውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና አንድ ጊዜ ጎንጨት አለች። ከዚያ የኩባያውን አፍ በሻሿ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ሰጠችኝ።