ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ሰው

መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነበረችኝ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም። የተጣሉ ሰዓቶችን እየፈታሁ፣ አልገጥም ሲሉኝ እንደገና እየፈታሁ ለመድሁት። ሞላው ተጠቅልሎ፣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተናክሰው ሳይ ምሳ እረሳ ነበር።

የሃያዎቹን ዕድሜ እንደጀመርሁ ያ ሁሉ ጠፋ። ምክንያቱን ብፈልግ አላገኘሁም። የሞተብኝ ሰው የለም። አንድ እግሬ ስለሚያጥር ለውትድርና ሲመለምሉ መልሰውኛል፤ ጓደኞቼ ሄደው እኔ በሰላም ቁጭ ብያለሁ። አንድ ጠዋት ከድሬ ጠያራ የመጣ ገበሬ ሰዓቱን ሰጠኝ። ክዳኑን ከፈትሁና ውስጡን ማየት አላሰኘኝም። ቢሆንም እጄ ሥራውን ያውቀዋልና ሠራው። መምታት ሲጀምር ገበሬው ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ «ማሻአላህ!» ብሎ ሳቀ። በምን እንደሳቀ አውቃለሁ፤ ግን ከመስታወት ማዶ የሚስቅ ሰው የማይ መሰለኝ።

ከዚያ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ጸሎቱ ተራ በተራ እንዲሁ ሆኑብኝ። እናቴ «ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ጉንፋን ይዤ ተመለስሁ።

«ምን ጎደለህ?» ትለኛለች።

«ምንም።»

«ምንም ያልጎደለው ሰው እንዲህ ግድግዳ ያያል?»

ከሱቄ ፊት ለፊት የስፌት መኪናውን የዘረጋ የልጅነት ጓደኛ ነበረኝ፤ አባቱ አባባ ሐጂ በጀጎል የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከመኪናው ቀና ብሎ ጮኸብኝ።

«አንተ! ፊትህ እኮ የቀበሌ ስብሰባ መስሏል። ዛሬ በርጫ አባቴ ቤት ነው፤ ትመጣለህ።»

«ጫት አልወድም።»

«ምን ትወዳለህና? እስቲ አንድ ነገር ጥራ።»

ሱቄን ዘግቼ ተከተልሁት።

የአባቱ ቤት ወደ ኤረር በር በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በቀዩ መደብ ላይ እያንዳንዱ ሰው የታወቀ ቦታ አለው፤ እኔ ለእንግዳ በተተወው ጥግ ተቀመጥሁ። አባባ ሐጂ ከጫቱ ለጋ ለጋውን ለይተው «ጀባ!» እያሉ ሰጡኝ። ለረጅም ጊዜ መራራ ቅጠል ከማኘክ በቀር የሆነ ነገር አልነበረም። በኋላ ግን፣ ወሬው ዝግ ብሎ የቃሚዎቹ ሐድራ ሲሞቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሙዳዮች አየሁ። ስገባም እዚያው ነበሩ። አሁን ግን ቀዩን ከብርቱካናማው፣ ብርቱካናማውን ከቢጫው እየለየሁ አየኋቸው፤ ማንም ሳይጠይቀኝም መናገር ጀመርሁ። ስለ ሰዓት ተናገርሁ። ሱቄን አሰፋለሁ አልሁ። ከዚያ በመንገዳችን በሌላው ጫፍ በአባቷ ሱቅ ክርና ቁልፍ ስለምትሸጠው ልጅ አወራሁ። ለዓመታት እወዳት ነበር፤ ለማንም ግን ተንፍሼው አላውቅም።

«ላገባት እፈልጋለሁ» አልሁ።

አባባ ሐጂ «በሉ እጅ አንሡ» ብለው ዱዓ አደረጉ። እኛም መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። በዚያ ቤት ሐድራ ላይ የተነገረና ዱዓ የተደረገበት ሐሳብ እንደ ወሬ አይጣልም፤ ሰምቶ መርዳት የሚችል ይነሣለታል። ይህን አውቅ ነበር። ያን ሰዓት ግን ደስ አለኝ። ደስታ እንዲህ ነበር ለካ፣ ረስቼው ነው፣ አልሁ።

ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤቴ ስሄድ ምርቃናው ከላዬ እየተራገፈ ሄደ። ሌሊቱን የጫቱ ቅዠት፣ ዱካክ፣ ሲያስጨንቀኝ አደረ። ጠዋት የተናገርሁትን ቃል በቃል አስታወስሁት፤ ፍላጎቱ ግን አልነበረም። ሌላ ሰው ያጫወተኝን ያህል ነበር።

ሄጄ ተዉት ልላቸው አስቤ ነበር። የሱቄን በር ሳልከፍት ጓደኛዬ እየሳቀ መጣ።

«ሙሽራው! አባቴ ለናንተ የነፍስ አባት ማታውኑ ነግሮ፣ ሁለቱም የልጅቷን አባት ወደ ሱቅ ሳይሄዱ ቤታቸው ሊይዟቸው በጠዋት ወጥተዋል።»

«ማን ላካቸው?»

«ማን ላካቸው ይለኛል እንዴ! አሚን ስትል ድምፅህ ከሁላችን በላይ ነበር፤ ወላሂ አባቴ ደነገጠ።»

ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር። ቁጭ አልሁ። ነገሩ ሲሳካ ፍላጎቱም ይከተል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ነገሩስ ተሳካ። ልጅቱ ተጠይቃ እሺ አለች። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አባባ ሐጂ ትከሻዬን ይዘው «አልሐምዱሊላህ! ደስ አላለህም?» ሲሉኝ «ደስ ብሎኛል» አልሁ። ፊቴ ላይ ፈገግታዬን ስይዘው ጉንጬ ደከመኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን ስመረቅን የምሆነውን፣ እሷን የሚፈልገውን ሰው ፍለጋ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እቅም ጀመር። ሲመጣ ተነሥቼ ወደ እሷ ሱቅ እሄዳለሁ፤ የማያስፈልገኝን ቁልፍ እገዛለሁ፤ አስቃታለሁ። ጠዋት ግን በዚያው መንገድ ሳልፍ ቀና ብዬ አላያትም። ሰውየው ቀስ በቀስ እያረፈደ መጣ፤ ቶሎም ይሄድ ጀመር። ጫቱን ጨመርሁ። በመጨረሻ ሲመጣም ስለ እሷ ማውራት ተወ፤ ቁጭ ብሎ የጣሪያውን እንጨቶች ብቻ ያያል።

አንድ ጠዋት ሱቄ መጣች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ በር ላይ ቆመች።

«ቁልፍ አልቆብህ እንደሁ ብዬ ነው» አለች። ሳልስቅ ስቀር እሷም ተወችው። «ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ተጫዋች ነው። እኔ አብሬ የማድረው ግን ከጠዋቱ ሰው ጋር ነው። እሱ ይፈልገኛል?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር።

«አልጠላሽም» አልሁ።

«እንዲህማ ሽሮ ወጥንም አልጠላም ትላለህ።»

«አንቺን ብቻ አይደለም። ምንም ነገር…»

«ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ብትኖር ይሻለኝ ነበር» አለች። «እሷን እሰድባት ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሰዓት ነበር፤ በወረንጦ አንዱን ጥርስ ከቦታው አንሥቼ እዚያው መለስሁት። ቀና ስል ሄዳለች።

አባቷ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ነገሩ እንዲቀር ጠየቁ። አባባ ሐጂ ሱቄ ድረስ መጡ፤ ከሳቸው በፊት ሐፍረታቸው ገባ።

«ልጄ፣ ሰው ሲመረቅን የልቡን ያወጣል ብዬ ነው የሄድኩት።»

«የልቤ ነበር፣ አባባ ሐጂ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ፈልጌ ነበር።»

«ያ ረቢ» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጓደኛዬ መኪናውን ያለ ወትሮው ዝግ አድርጎ ይሰፋ ነበር። በርጫ መሄዴንም ተውሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አልጠራኝም።

እሷን በኋላ አንድ የድሬዳዋ ሾፌር አገባት። ድግሱ የተደረገው በሰፈራችን፣ በዕድሩ ድንኳን ነው፤ የጎረቤት ሠርግ ስለሆነ መቅረት አልቻልሁም። ቀኑ ሲቃረብ አንድ ተስፋ ያዘኝ፤ ምናልባት እዚያ ስደርስ ይከፋኝ ይሆናል ብዬ። ቅናትም ቢሆን፣ እንባም ቢሆን የመጣውን ልቀበል ልቤን ከፍቼ ሄድሁ። በነጭ ልብስ፣ ዓይኗን ሰብራ በአጠገቤ አለፈች። ሴቶቹ እልል አሉ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ ጎንተል አደረገኝ፤ «ከከፋህ እንውጣ፣ ግድ የለም» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልከፋኝም» አልሁት።

እውነቴን ነበር። ትሪው ሲደርሰኝ እጄን ታጥቤ በላሁ።