ጋሼና የአሜሪካ መሪዎቻቸው

ጋሼ አሜሪካን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። በወጣትነታቸው ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ሁለቴም ተከልክለዋል። ከዚያ እግር ጥሏቸው ሆላንድ ገቡ፤ ዴን ሃግ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት አፓርታማ አረጁ። እዚያው ቁጭ ብለው ግን ስለ አሜሪካ መሪዎች፣ ስለ አገሩ ባህልና ስለ ሃይማኖቱ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት በአማርኛ ጽፈዋል። የትኛውን ፕሬዚዳንት እናቱ በምን መዝሙር እንዳሳደገችው ይነግሩሃል፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚቆመው ትራም የት እንደሚሄድ ብትጠይቃቸው ግን በእጃቸው እያመለከቱ «ወደዚያ» ይሉሃል።

እኔ የተያዝኩት ሮተርዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ቅዳሴ አልቆ ጸበል ጻዲቅ ስንቀምስ አንድ ሰው «ይሄ ልጅ እኮ አገር ቤት ታሪክ ነው የተማረው፤ ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ ሲጽፍ ጣቱ አይታይም» ብሎ አስተዋወቀኝ። ጋሼ ክንዴን ያዙ። ስኳር ዓይናቸውን ከጨረሰው ዓመት አልፎት ነበር፤ አራተኛው መጽሐፍ ደግሞ ገና ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። «ለጥቂት ቅዳሜ ብቻ» አሉኝ። «ምን ችግር አለው ጋሼ» አልኩ። ጥቂቱ ቅዳሜ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝም ክንዴን አልለቀቁም ነበር።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኮሪደራቸው ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ምዕራፉን በሐሳባቸው ያበጁታል። ቅዳሜ እኔ ስመጣ ሶፋው ላይ ይቀመጡና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ይነግሩኛል። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ አይወዱም። «ድምፅዎን በስልክ ልቅዳው» ብዬ ነበር አንድ ቀን። በወጣትነታቸው ስብሰባ ላይ የተናገሩትን አንድ ሰው በድብቅ ቀድቶባቸው ታስረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ለመሣሪያ አይሰጡም። የሚያምኑት የኮምፒዩተሩን ቁልፎች ድምፅ ነው። ቁልፎቹ ሲንኳኩ ከሰሙ ፊታቸው ይፈታል።

መጽሐፉ ደግሞ መጥፎ አልነበረም፤ ይሄን መካድ አልችልም። የአሜሪካ መሪዎች እጃቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭነው መማላቸውን ሁሉም ጽፎታል፤ ጋሼ የሚፈልጉት ሌላውን ነው። «እኔን የሚያስጨንቀኝ አደባባይ ላይ የጸለዩት አይደለም። ማንም ሳያያቸው ምን አደረጉ? እሱን ጻፍልኝ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዴ እውነትም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ፣ ለአውሮፕላን የሚጫነውን የምግብ ጋሪ እየገፋሁ ስለ አንዱ መሪ አስብ ነበር።

ችግሩ ወገቤ ነው። ጋሪ መግፋት ወገቤን እየጨረሰው ነበርና ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚያሠለጥን ኮርስ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ በኮምፒዩተር ነው፣ ፈተናው ሮተርዳም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ሥራ እገባለሁ፤ አምስተልቨን ቤቴ ስደርስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ማጥናት የምችለው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የጋሼ ነው።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከስኪፖል ጣቢያ እስከ ዴን ሃግ ባቡር ውስጥ ንግግሬን አጠናለሁ፤ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አልችልም» የምትል አጭር ነገር ናት። የአሳንሰሩን ድምፅ ሰምተው ደወሉን ሳልነካው በሩን ይከፍቱልኛል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ በአይብ፣ አጠገቡ በጨርቅ የተወለወለው ላፕቶፕ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ማየት የማይችል ሰው ላፕቶፕ ወልውሎልህ እንዴት ብለህ ነው አልችልም የምትለው? ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ሲጨንቀኝ መውጫ እንደሚፈልግ እስረኛ የመስኮቱን እጀታ አያለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ለጋብቻና ለጠብ የሚላክ ሽማግሌን መተየብ ላቆም ነው ብሎ የሚልክ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ከሰበካችን ሁለት የተከበሩ አባቶችን ለመንኩ፤ ኮርሱንም ወገቤንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። «ተወው፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አሉኝ። ጨረሱትም።

እነሱ ፊት ለፊት መናገር ነውር መስሏቸው «ልጁ ትንሽ ቅር ያለው ነገር አለ» ብለው ጀመሩ። ጋሼም ምንም ሳይጠይቁ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉት። ምስጋና ስላልተሰጠው ነው ብለው ደመደሙ። ሽማግሌዎቹም እፎይ አሉ፤ ከዚህ የቀለለ እርቅ ከየት ይገኛል? ወዲያው ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ ጋሼ ቆመው ጠበቁኝ። «አጥፍቻለሁ ልጄ። ስምህ መግቢያው ላይ በትልቁ ይወጣል» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ በክርኑ ጎሰመኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ «መጽሐፉን ከዳር ሳታደርስ ላትለያቸው ቃል ግባ» ተባልኩ፤ ገባሁ። ተመረቅን። ልፈታ ሄጄ በምርቃት ታስሬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ላፕቶፑን ከፍቼ ጋሼ አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ሲጀምሩ፣ እኔ የኮርሴን ትምህርት ከፈትኩ። እሳቸው ልጁ በጦርነት መካከል ስለሞተበት መሪ ያወራሉ፤ እኔ በመተኛት ብዛት ስለሚመጣ የአልጋ ቁስል በደች ማስታወሻ እጽፋለሁ። ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። ጋሼ ፊታቸው ፈክቶ «ደረስክብኝ?» ይላሉ። «ደርሻለሁ ጋሼ» እላለሁ። መጀመሪያ ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ ግን ቅዳሜ በቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በኋላ እንደገና አስነግራቸዋለሁ፣ አንድ ምክንያት አይጠፋም፣ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ፈተናውን አለፍኩ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ክፍሉ አልቋል። እስቲ ከአሥራ አራት ጀምረህ አንብብልኝ» አሉኝ።

ከአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለኝ የአልጋ ቁስል ማስታወሻ ብቻ ነው። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ እንኳ ማምለጥ አልቻልኩም። ያን ያህል ዓመት የጻፍኩላቸው ሰው ናቸውና አነጋገራቸውን አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ከልቤ እየፈጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ የሞተበት መሪ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ገባ፣ ተንበርክኮ አለቀሰ አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ተንበረከከ ነው ያልኩት?»

«አዎ ጋሼ።»

«በሩ ድረስ ሄዶ ሳይገባ ተመለሰ ያልኩ ይመስለኛል። ምዕራፉ እኮ የቆመው በእሱ ላይ ነው።»

«እዚህ ተንበረከከ ነው የሚለው።»

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳትም። ጋሼም ቀጥለው በድንኳን እየዞሩ ስለሚሰብኩት ሰባኪዎች የተናገሩትን እንዳነብ ጠየቁኝ። ፈጠርኩ። ስለ ገበሬዎቹ የምስጋና ማዕድ ጠየቁኝ፤ ፈጠርኩ። በእያንዳንዱ ላይ ከንፈራቸው የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ሊል ይነቃነቅና ይቆማል። ከዚያ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«በቃ» አሉ። «መጽሐፉ አበቃ። አንተም ሦስት ዓመት ለፋህ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ እረፍ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ጃኬቴን አነሳሁ። ጋሼ ግን ትልልቅ ቁልፎች ያሉትን ስልካቸውን ዳብሰው የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ አምስተርዳም ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ናት። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«ልጄ፣ ሃውስአርትሱ ሐኪሜ ጋ አፍስፕራክ፣ ቀጠሮ፣ ያዢልኝ።»

«ስኳሩ ነው አባዬ? ለካኸው?»

«ስኳሩ አይደለም። መርሳት ጀምሬያለሁ። የተናገርኩትን ምዕራፍ በሙሉ ሌላ አድርጌ ነው የማስታውሰው።»

እሷ ደች በአማርኛ እየደባለቀች ታጽናናቸው ጀመር፤ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ትቀልዳለህ እያለች። ጋሼ አልሰሟትም። «የእናትሽን ፎቶ ማየት ከተውኩ ቆየሁ» አሏት። «መልኳ ያለኝ እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው። እሱም ሊሄድ ነው ማለት ነው።» ከዚያ ስልኩን ዘጉና የልጃቸውን የልደት ቀን፣ አገር ቤት የነበራቸውን የስልክ ቁጥር፣ የወንድሞቻቸውን ስም በተራ በለሆሳስ መቁጠር ጀመሩ። እየተሳሳቱ እንደሆነ ሊፈትኑ ነው። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ጃኬቴ በእጄ ነው። ብወጣ ማንም አያውቅም። መውጣት ፈልጌም ነበር።

«ጋሼ» አልኩ። «አልረሱም። በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ ነው ያሉት። እኔ ነኝ ያልጻፍኩት።»

ቁጥራቸውን አቆሙ። ኮርሱን፣ የአልጋ ቁስሉን፣ ቁልፎቹን፣ ሁሉንም አወጣሁላቸው። ይሰድቡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

«እንግዲያው አልረሳሁም?» አሉ።

«አልረሱም ጋሼ።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅሁም። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ጠንክሮ ነበር። ስልካቸውን አነሱ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኑና ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«አፍስፕራኩን ሰርዢ በላት። ለምን እንደሆነም ንገራት።»

ነገርኳት። አማርኛው አልበቃት ሲል በደች ደገምኩላት፤ በደች ሲነገር ደግሞ ይበልጥ አስቀያሚ ነበር። ከኋላዋ የፋርማሲው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።

«ስንት ቅዳሜ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አሥራ አንድ» አልኳት።

«አሥራ ሁለት» አሉ ጋሼ ከሶፋው።