ሞጣ የላክሁት ለቅሶ

ባሌ ሲሞት ልጄ ኮሌጅ ፈተና ላይ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን መርዶ ይደበቃል። ፈተናውን እስኪጨርስ ድረስ በደወለ ቁጥር «አባትህ እርሻ ወርዷል» እያልን ዋሸነው። ሲመጣ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። ፊት ለፊቴ ቁጭ አለና፣ «እማዬ፣ አባቴን ምን ብለሽ እንዳለቀስሽለት ልስማ» አለኝ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

በሩን ዘግተን አለቀስሁ። እሱም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ድምፄን ቀዳው። ድንኳን ውስጥ ሰው ይሰማኛል ብዬ የዋጥሁትን ሁሉ ያን ቀን አወጣሁት፦

ድንበሩ ተገፋ በእርፍ በወገል፣
ወንድም እየሳቀ ወንድሙን ሊገድል።

የባሌን ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው። በየዓመቱ ከማሳችን ትልም ትልም እየቆረሰ ባሌን በብስጭት የጨረሰው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙንም ጠርቻለሁ። ሰውየው ጠመንጃ አለው፣ ቁጡ ነው። ማሳው አሁን የልጄ ነው፤ ልጄም አንድ ነው። ለዚህ ነበር በሩን የዘጋሁት።

ከዓመት በኋላ ኮምፒውተሩ አልበራ አለ። ልጄ እቤት ትቶት ሥልጠና ሄዶ ስለነበር፣ «ቢቸና የሚሞክረው አጣሁ፣ ሞጣ አድርሽልኝ» አለኝ። የሚከፈትበትን ቁጥር በስልክ ነገረኝ፤ እኔም በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ ወረቀት ላይ ጻፍሁና በፕላስተር ከሥሩ ለጠፍሁት። ሣጥን ለጠጋኝ ሲሰጥ ቁልፉም አብሮ ይሰጥ የለም? እንዲያ መስሎኝ ነው።

የሞጣው ጠጋኝ ሱቁ ጠባብ ናት። ኮምፒውተር ይሠራባታል፣ ለገበሬው ደግሞ በስልክ ሚሞሪ ዘፈን ይጭንባታል።

«ልጄ፣ አደራህን» አልሁት።

«አይስጉ እናቴ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው።»

በሳምንቱ ሄድሁ። በርቷል። ጭረት እንኳ የለበትም፤ አቧራውን ሳይቀር ጠርጎልኛል። መርቄው ተመለስሁ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወሩ ሳይሞላ ቢቸና ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንድ ገበሬ እህሉ ላይ ተቀምጦ ዘፈን ያሰማል። አንዱ አለቀ፣ ሌላው አለቀ፤ ቀጥሎ ሴት ታለቅስ ጀመር። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዱቄት ባለው እጇ ደረቷን ያዘች።

«ኧረ ይች ሴት አንጀት ትበላለች! ማን ናት?»

«ከሞጣ ያስጫንሁት ነው፤ አዲስ አልቃሽ ወጥታለች አሉ» አለ ገበሬው እየሳቀ።

እኔ ነበርሁ። ሦስት ግጥም ካለፈ በኋላ የባሌ ወንድም ስም ይመጣል። ዘልዬ ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት።

«አበድሽ እንዴ ሴትዮ!»

«አጥፋው! ስለ ማርያም አጥፋው!»

ደንግጦ አጠፋው። እህሌን እዚያው ጥዬ የሞጣ መኪና ያዝሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ፍርሃቴ በንዴት ተውጦ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ስልክ ይዟል፤ በየኪሳቸው እያለቀስሁ መሰለኝ።

ጠጋኙ ሲያየኝ ፈገግ አለ። «ምነው እናቴ፣ አልበራ አለ?»

«ይበራል። ድምፄን ማን ስጥ አለህ?»

«የትኛውን ድምፅ?»

«ባሌን ያለቀስሁበትን! በየሚሞሪው የጫንኸውን!»

«እ... ያ የእርስዎ ነው?» አለ። «ስንጠግን እንዳይጠፋብዎት ብለን ወደኛ ኮምፒውተር እንገለብጠዋለን። ከዘፈኑ ጋር ተደባልቆ ሄዶ ነው። ደግሞ ሰው ወዶታል።»

«ወዶታል?! ሙሾዬን ገበያ አወጣህብኝና ወዶታል ትለኛለህ?»

«ኧረ እናቴ፣ ዕቃዎን በደኅና መልሼ የለም? ምን ጎደለብዎት?»

ይኸን አልረሳውም። ለእሱ አደራ ማለት ብረቱና ፕላስቲኩ ነው። አደራ ብዬው ዕቃውን ከጭረት ጠበቀው፤ የሆዴን ግን እንደ ትርፍራፊ ወሰደው። ዓይኔ እያየ እንዲያጠፋው አደረግሁ። ለስንት ሰው እንደጫነው ብጠይቀው «ማን ቆጥሮት!» አለኝ።

ያን ሁሉ ሚሞሪ ማን ይሰበስባል? የባሌ ወንድም ከስልክ ሳይሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ በማግሥቱ ደጁ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁ...»

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ሉማሜ ገበያ ሰው መሐል ነው የሰማሁት። ስሜ ሲጠራ ሁሉም ዞሮ አየኝ።»

መሬቱን እያየሁ፣ «ልጄስ?» አልሁት።

«ልጅሽ የወንድሜ ልጅ ነው፤ አልነካውም። አንቺ ግን ወፍጮ ሳይቀር አገር አሰማሽብኝ፤ ደጄን ሁለተኛ እንዳትረግጪ።»

እኔ አይደለሁም ያሰማሁት ልል ነበር። ማን ያምነኛል? ድምፁ የእኔ ነው።

ልጄ በሰላም እያረሰ ነው፤ ተመስገን። ኮምፒውተሩ ዘንድሮም ሲበላሽ፣ ድምፁም ጽሑፉም የሚቀመጥበትን ክፍል ልጄ ፈትቶ አወጣና በእጄ ሰጠኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ባዶውን ቀፎ ሞጣ ለዚያው ጠጋኝ ሰደድነው፤ እሱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይየው።