ድሮኗ ሳትገራ

ጥር በገባ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል። ከደብረ ታቦር በኩል ሰርገኛ ሲያልፍ፣ ድሮኗ ከመኪናው ቀድማ እዝዝ እያለች በባሕር ዛፉ አናት ብቅ ትላለች። ውሻዬ ጎተራ ሥር ይገባል፤ እኔ ምራቄን እንትፍ እላለሁ። ዝንብ ብትሆን በጭራ ትባረራለች፤ ጭልፊት ብትሆን ሠርታ በላች ይባልላታል። ይቺ ግን የሰው ደጅ ላይ አፍጥጦ መሄድ ብቻ ነው ሥራዋ።

ይኸውልህ፣ እኛ ቤት የመጣችው ልጃችንን የዳርን ጊዜ ነው። ይዟት የመጣው ቪዲዮ ቀራጭ የከተማ ሰው ነው፤ ቆቡን ወደ ኋላ የገለበጠ፣ ጥቁር መነጽሩን በዳስ ውስጥ እንኳ የማያወልቅ። «ዳይሬክተር በሉኝ» አለን። በእኛ አገር እንዲህ ላለው ሰው ሌላ ስም ነበረን፤ ለእንግዳ ክብር ብለን ዋጥነው።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባለቤቴን መልክ። አብረን አርጅተን አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህማ ካሜራ ባየች ቁጥር አፏን በነጠላ ሸፍና ትሸሻለች። «ይሄን ድድ ነው ለልጅ ልጅ የምታወርሰው?» ትለኛለች። በልጃገረድነቷ እኔን የጣለኝ ግን ሳቋ ነበር። ምንጭ ወርዳ ስትስቅ፣ አውድማ ላይ ያለን ጎረምሶች መንሻችንን ተክለን እንቆም ነበር።

በሰርጉ ዋዜማ ቀራጩ ድሮኗን አውድማው ላይ አስነሣት። አንበሳሜ ከተማ ለሌላ ሰርግ ሄዳ ወድቃ ኖሯል፤ አእምሮዋ ነው የሚለውን ዕቃ በአዲስ ለውጦላት፣ አዲሱ ገና አልተገራም። ጣቱን ሪሞቱ ላይ ጠጋ ሲያደርግ፣ ዝንብ እንደ ገባባት በቅሎ ባንዴ ሽክርክር ትላለች። ያወርዳታል። ዳሱ ውስጥ፣ ትኩስ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚሸትበት ይቀመጥና፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁጥር ይነካካል። መልሶ ያስነሣታል፤ መልሳ ሽክርክር። በሬው ገመዱን በጥሶ ሄደ። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎም አላየው።

«ምኗን ነው የምታክማት?» አልሁት፣ እላያችን ላይ እየተሽከረከረች።

«አዟዟሯን ነው፣ አባባ። ትንሽ ስነካት ትንሽ፣ ብዙ ስነካት ብዙ እንድትዞር ነው። አሁን ግን ገና ስነካት ያዙኝ ልቀቁኝ ትላለች።»

«አንተን መሰለቻ!» አለችኝ ባለቤቴ። ከጎተራው ጀርባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ እጇ በሽንኩርት ርሶ ብቅ ብላ ኖሯል። ወደ ላይ አንጋጣ ሳቀች። ሽፋን የለ፣ ምን የለ። ድሮኗ አንዴ ዞረችና ወረደች።

አመሻሹ ላይ ተገራች። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ፣ አነካኩን አለዝቦ፣ እንደ ሹም አንገቷን በዝግታ የምታዞር አደረጋት። «አሁን ፊልም ሆነች» አለ።

በማግስቱ ያሳየንን ጉድ አትጠይቀኝ። ካህኑን «አባቴ፣ ምርቃቱን ይድገሙልኝ፤ በኋላዎ ሰው አለፈ» አላቸው። እኔን በገዛ ደጄ «አባባ፣ ከመሐል ይውጡልኝ» አለኝ። ልጄን ከቤት አስወጥቶ፣ መልሶ አስገብቶ፣ እንደገና አስወጣት። ለመጀመሪያው አለቀሰች፤ ለሁለተኛው እንባ ከየት ታምጣ?

ሰርጉ ዓመት ሳይሞላው ባለቤቴ አረፈች። ልጄ ለዐርባዋ መልኳን ፈልጋ የሰርጉን ፊልም ከፈተችው። ሰው ሁሉ አለ። ጠላ የደፋው ሰካራም እንኳ አለ። እሷ የለችም። ያቺ የተገራችው ድሮን በዝግታ ስትዞር፣ ባለቤቴ መምጣቷን ከሩቅ እያየች ጓዳ ትገባለች። ደጋግመን አየነው። በሩ ላይ የነጠላዋ ጥለት ብቻ ውልብ ይላል።

ከተማ ድረስ ሄድሁ።

«በዋዜማው ለሙከራ የቀረጽሁት ሳይኖር አይቀርም» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ። «ግን አይረባም፣ አባባ። ያዞርዎታል።»

«ግድ የለም፣ ያዙረኝ» አልሁት።

ሰማይ። ጉና። የበሬው ጀርባ። ሰማይ። ከዚያ ጎተራው፣ እሷም ከጎተራው አጠገብ፣ አንጋጣ፣ አፏን ሳትሸፍን። ድሮኗ መሸሻ ጊዜ አልሰጠቻትም። ከዚያ ደግሞ ሰማይ። ዳይሬክተሩ በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ «አላልሁዎትም?» አለ። አሁንም በየሰርጉ እንዴት እንደ ገራት ያወራል አሉ።

ልጄ ስትመጣ በስልኳ ትከፍትልኛለች። ስናቆማት ትደበዝዛለች፤ ስንለቃት ታልፋለች።