መኪናዋ ሳትወርድ እንዳትፈርሙ

ከልብስ ስፌት ቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ጠባብ ፎቶኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ኮፒ ይላታል። ክፍሏን የተከራየቻት ጥሩ ገበያ አላት ብላ አይደለም። ፊት ለፊት መኪና ከከተማ ወደ ከተማ ጭኖ የሚያደርስ ድርጅት አለ። የድርጅቱ ደንበኛ ሊብሬውንና መታወቂያውን ኮፒ ማድረግ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ እሷ ዘንድ ይገባል። ቂሟን ልትወጣ አቅዳ ነው የተከራየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ ስትቀር፣ ሩቅ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ «ታክሲ አድርገሽ ሠርተሽ ብዪባት» ብሎ የራሱን መኪና ላከላት። ከልጅነቷ ያሳደጋት እሱ ነው። የላከላትም በዚሁ ድርጅት ነው። በአምስት ቀን ትደርሳለች የተባለችው መኪና በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣች። ሹፌሩ መንገድ ዘግቶ ቆመ፤ ከኋላው ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። «ቶሎ በይ፣ ፈርሚልኝና ላውርድልሽ!» አላት። እሷም መኪናዋ ገና ከላይ እንደተጫነች፣ በሙሉ ጤንነት ተረክቤአለሁ የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስትወርድ ማርሿ አልገባ ይላል፣ የፊት መብራቷ ተሰብሯል፣ ከወንበሩ ሥር የማታውቀው ሕፃን ጫማ ወድቋል። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤተሰብ ሲያንሸራሽሩባት ነበር።

ቢሮ ስትገባ፣ ሳቂታው የምንለው ሥራ አስኪያጅ ፈገግ ብሎ ፊርማዋን አሳያት። «አንቺው ፈርመሻል እኮ» አላት። ይሄስ ይቻል ነበር። ያልተቻላት የወንድሟ ነው። «ደህና ደረሰች ብለሽ ፈርመሽ፣ ራስሽ አበላሽተሽ በሰው ታላክኪያለሽ? ውሸታም!» ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሳም።

እኔ ብሆን የቢሮውን መስታወት በድንጋይ ነበር የማናግረው። እሷ ግን የባሰ ክፉ ነገር አሰበች። ምክር መስጠት ጀመረች።

ማሽኑ ወረቀቱን እስኪተፋ ድረስ ደንበኛውን ይዛ ትቆያለች። «የኔ ወንድም፣ ሳታስረክብ መኪናህን እጠባት፤ ቆሻሻ ጭረት ይደብቃል። በቀን ብርሃን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሳት። የኪሎ ሜትሯን ቁጥር ጻፍና ሹፌሩን አስፈርመው። ነዳጅ ሩብ ይበቃታል፤ ከሞላህላት ይንሸራሸሩባታል። ውስጧ ዕቃ እንዳትተው። ኢንሹራንስ አለን ሲሉህ ወረቀቱን አሳዩኝ በል፣ ጊዜው አልፎ እንዳይሆን። የምትደርስበትን ቀን አጽፋቸው። ስትደርስ ደግሞ ወርዳ፣ ዞረህ አይተህ፣ ሞተሯን አስነስተህ ሳትሰማ እንዳትፈርም። ጉዳት ካየህ መጀመሪያ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፈው። ሹፌሩ ቸኮልኩ ካለህ፣ ይቸኩል!»

ለአንድ ገጽ የገባ ሰው በግማሽ ሰዓቱ ይወጣል። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ምክሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምን ያደርጋል፣ ያለኝ የስፌት መኪና ብቻ ነው። አንዳንዴ «ተይው፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይሆንብሻል» ስላት፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አንተ ዝም ብለህ ስፋ» ትለኛለች።

ቀስ በቀስ ደንበኛው ሁሉ ፎቶና ቁጥር ይዞ ይከራከር ጀመር። ሹፌሮቹ ያበላሹትን መካድ አቃታቸው። ገሚሱ ደንበኛ ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ። ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ይቆሙ የነበሩት መኪኖች ተመናምነው ሁለት ቀሩ። እሷም በየጠዋቱ በመስኮት እያየች «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞ ሳቂታው ራሱ መጣ። ፈገግታው አብሮት አልነበረም።

«እትዬ፣ ድርጅቱን ሊያዘጉኝ እኮ ነው። ምን ላድርግልዎ?»

«ያን ጊዜ አንቺ ነበርኩ፤ ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?» አለችው። «መኪናዬን ያደረጋችኋትን ጻፍና ማኅተም ምታበት።»

«ከጻፍኩ ይህን ቤት ይለቁልኛል?»

«መጀመሪያ ጻፍ።»

ጻፈ። መኪናዋን መንገድ ላይ ያበላሹት የድርጅታችን ሠራተኞች ናቸው፤ ተረካቢዋ ምንም ጥፋት የለባቸውም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እሱ በተራው፣ ቤቱን እለቃለሁ የሚል ወረቀት ዘረጋላት።

«እኔ? ለናንተ ልፈርም?» ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ፊርማ ምን እንደሚያመጣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በል ውጣልኝ!»

እኔም መቀሴን እንደያዝኩ በሩ ድረስ ሸኘሁት።

የሷን ስልክ ስለማያነሳ ለወንድሟ በኔ ስልክ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እንዳነሳ፣ ሰላም እንኳ ሳትለው፣ ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ አነበበችለት።

«አውቃለሁ» አለ ወንድምየው። «ያ ሹፌር ሥራውን ሲለቅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሁለት ዓመት?»

«ልደውልልሽ እያልኩ… አፈርኩ። ታላቅሽ ሆኜ…»

ስልኩን ዘጋችው። ስታለቅስ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይቅር በዪው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የባዳውን ቂም ለመወጣት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የወንድሜን ገና ዛሬ ጀመርኩ።»